የደጋው ሰማይና ጥበበ በረራ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ጎተራ ላይ ሲደርስ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡት የማሳለጫው ድልድዮች መንገደኛውን በየፊናው ያሰናብቱታል፤ ወደ ምዕራብ ያመራው ወደ ልደታና ወደ አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ምሥራቅ ያመራው ወደ ቦሌ፣ ቁልቁል የቀጠለው ደግሞ ወደ አቃቂና ከአቃቂም ወዲያ ወደ ቢሾፍቱ ይሄዳል። እህል በሚከማችበት ግቢ ስሙን ያገኘው ይህ ሰፈር ራሱ የአውሮፕላን ሜዳ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ መንግሥት በአየር ለመጓዝ ያደረገው ጥረት በየዘመኑ ያረፈባቸው ሜዳዎች በዙሪያው ስለሚገኙ፣ የአገራችንን የበረራ ታሪክ ለሚመረምር ሰው ከጎተራ የተሻለ መቆሚያ በቀላሉ አይገኝለትም። ታሪኩን ከጥንቱ እስከ ዛሬ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ጐልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም አውሮፕላን በገንዘብ ቢገዛም በረራ ግን የትምህርትና የምርምር ፍሬ መሆኑ፣ ይልቁንም ከፍታው የበዛ አየሩም የሳሳ የደጋ አገር ለራሱ ሰማይ የሚስማማውን ዕውቀት ራሱ ፈልጎ የማግኘት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው።

በአየር የመሄድ ምኞት ለኢትዮጵያውያን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ካበረከተላት ገጸ በረከት መካከል በአየር ላይ የሚሄድ መርከብ እንደ ነበረ ያወሳል፤ ቀዳማዊ ምኒልክም ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመለስ ሠረገሎቹ ከምድር ከፍ ብለው እንደ ተጓዙ ይተርካል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድልም ጻድቁ ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ በተበጠሰ ጊዜ ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ስለሚናገር፣ ክንፍ ያለው ሰው ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ለምእመናን ዘወትር የሚታይ ነበር። ይሁን እንጂ ለጻድቃን በጸጋ የተሰጠው ነገር ለቀረው የአዳም ልጅ በድካም፣ በሒሳብና በብዙ መሥዋዕትነት ብቻ የሚገኝ ሆነ።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አንሥቶ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው የገፈርሳ ሜዳ ላይ ባሳረፈ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን መጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ዩንከርስ የተባለችው የጀርመን አውሮፕላን ተከተለች። በጊዜው ንጉሥ ተብለው አልጋ ወራሽነቱን ይዘው የነበሩት ተፈሪ መኰንን እነዚህን መኪናዎች ያስመጡት ለትርኢት አልነበረም፤ ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበትን አገር በአንድ መንግሥት ሥር አስተሳስሮ ለመያዝ ከአየር መንገድ የፈጠነ ዘዴ እንደማይኖር ስለ ተረዱ ነበር። ስለዚህም ከአውሮፕላኖቹ ጋር አስተማሪዎችን አስመጡ፤ በ1922 ዓ.ም. መጨረሻና በ1923 ዓ.ም. መባቻም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ያለ መምህር ብቻቸውን አውሮፕላን አንሥተው በማሳረፍ የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ሆኑ። ጥቂት ዘግየት ብሎም ሙሉእመቤት እምሩ ከወንዶቹ ጎን የበረራ ትምህርት ተምራ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ለመባል በቃች፤ ያን ጊዜ በብዙ የሠለጠኑ አገሮች እንኳ ሴት ልጅ በአብራሪ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ማየት ብርቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1928 ዓ.ም. የተከናወነው ነው። በዚያ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነበሩት የተፈሪ መኰንን አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ ቀላል አውሮፕላን ሠራ፤ ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በረረች። በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ዲሲ 3 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር ተነሣ። ሁለቱ ማሽኖች በመጠንም በዕድልም የማይነጻጸሩ ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ወር የተወለዱ መሆናቸው፣ ኢትዮጵያ በሥነ በረራ ደጃፍ ላይ በቆመችበት ሰዓት ሌላው ዓለም የት ደርሶ እንደ ነበረ በግልጽ ያሳያል።

ዲሲ 3 የአንድ ፋብሪካ ሥራ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት በ1907 ዓ.ም. የሥነ በረራ አማካሪ ጉባኤ አቋቁሞ፣ በቨርጂንያ ግዛት ላንግሊ በሚባለው ስፍራ ነፋስ በኃይል የሚነዳበት ዋሻ መሰል ቤት አሠርቶ፣ ሊቃውንቱ የክንፍ ቅርጾችን በዚያ ነፋስ ውስጥ አንድ በአንድ እየፈተኑ፣ የትኛው ቅርጽ ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሣና የነፋሱን ተቃውሞ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሰንጠረዥ አስፍረው ለአገሩ ፋብሪካዎች ሁሉ በነጻ ያድሉ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት የሞተር ሽፋን፣ ሞተሩ እየቀዘቀዘ አውሮፕላኑ በዚያው ነዳጅ ይበልጥ እንዲፈጥን አደረገ፤ የዲሲ 3 ክንፍም ሆነ የሞተሩ ሽፋን ከዚህ ጉባኤ ድካም የተገኙ ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ናሳ የተባለው መሥሪያ ቤት የተመሠረተው በዚሁ ጉባኤ ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው መንግሥት በሰላሙ ጊዜ በትዕግሥት ያስመረመረው ዕውቀት ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ ክፍለ ዓለም የሚኖር ሕዝብ እንኳ የሚሳፈርበት መሆኑን ነው፤ የእኛም አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው በዚህ ዕውቀት ፍሬ ላይ ተሳፍሮ ነበርና።

ከዚያ በፊት ግን መከራው መጣ። የፋሺስት ኢጣልያ ወራሪ ሠራዊት የኢትዮጵያን ሰማይ በአውሮፕላን ሞልቶ በሠራዊቱና በሰላማዊው ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ፣ ከገበሬው ወገን እጅግ ብዙው አውሮፕላንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው የሞት መልእክተኛ ሆኖ ነው። ኢትዮጵያ ከነበሯት ጥቂት አውሮፕላኖች አንዱም ለውጊያ የሚበቃ መሣሪያ አልነበረውም፤ ሆኖም ከቺካጎ ድረስ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በእነዚያው አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር እያመላለሰ አገለገለ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን ሲያስተምር ቆይቶ፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተከስክሶ በደረሰበት ጉዳት በአዲስ አበባ ዐረፈ፤ አጽሙም በዚሁ ከተማ ይገኛል። ፀሐይ ደግሞ በወራሪዎቹ ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክርም ለብዙ ዘመን ቆይታ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የተዘረፈውን ማስመለስ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የፀሐይ ምርኮ ያስከተለው ብርቱ ጉዳት ማሽኗን ማጣት ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ የተጀመረው አውሮፕላን የመሥራት ሙያ ገና በጅምሩ መቋረጡ ነበር።

ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ሥራውን እንደገና ሲጀምር፣ ሕጉንና ሙያውን አስቀደመ። በ1937 ዓ.ም. ኅዳር ወር በቺካጎ ከተማ 54 መንግሥታት ስለ ዓለም የሲቪል አቪዬሽን ሕግ ሲመክሩ ኢትዮጵያ ከጥቂቶቹ የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት ጋር በጉባኤው ተገኝታለች። ዓመቱ ሳይሞላም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተዋዋለች፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ 47 ሲሆኑ፣ እነርሱም ለወታደር ጭነት የተሰናዱ ዲሲ 3 ናቸው።

ያን ጊዜ በልደታ ሜዳ የሚሳፈር መንገደኛ ዛሬ የምናውቀውን የተደላደለ ወንበር አላገኘም። በአውሮፕላኑ ውስጥ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ረጅም አግዳሚ ተዘርግቷል፤ መንገደኞቹ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ቡናው፣ ቆዳውና ፖስታው በገመድ ታስሮ ይከመራል። አውሮፕላኑ በኋላ ጎማው ላይ ዘንበል ብሎ ስለሚቆም፣ ከበሩ ወደ አብራሪው የሚሄድ ሰው ዳገት እንደሚወጣ ነበር የሚራመደው። ይህ ጠንካራ ማሽን ጅማና ጎሬ፣ ጎባና ጎንደር፣ በኋላም ላሊበላ ድረስ እየሄደ፣ ሣር በበቀለበትና ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ እያረፈ፣ ከዚያ በፊት በክረምት ጊዜ ከመናገሻው ተቆርጠው ይከርሙ የነበሩትን አውራጃዎች በሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸው አደረጋቸው።

በዚህ ስፍራ የደጋውን ሰማይ ጠባይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ለቀጣዩ ታሪክ ሁሉ መክፈቻው እርሱ ነውና። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየሩን እየገፋና እየተደገፈ ነው፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለው በዚያው አየር ነው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ በዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ በበረታችበት ቀትር ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ከጠላው ላይ ውኃ ተጨምሮበት የሚወጣ ቅራሪ ጽዋውን እንደ ጠላው ቢሞላም ጉልበቱ እንደ ጠላው እንደማይሆን፣ የደጋውም አየር ለክንፍና ለሞተር እንዲሁ ነው። ስለዚህም አውሮፕላኑ ከምድር ለመነሣት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠንም የበለጠ ርቀት መንደርደር አለበት፤ ሜዳው አጭር ከሆነ ግን ወይ ሰው ወይ ጭነት ወይ ነዳጅ ይቀነሳል። የበረራ ዕቅድ አውጪውና አብራሪው ገና ሳይነሡ የሙቀቱን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የእያንዳንዱን ኪሎ ክብደት በሰንጠረዥ እያገናዘቡ ይህን ሒሳብ ያወጣሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው በዚህ ሒሳብ ሲሳሳት አይማርለትም።

የልደታ ሜዳ ለዲሲ 3 ቢበቃም፣ የጄት ዘመን ሲመጣ ርዝመቱ እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። በዚህ ጊዜ ባለሥልጣኖቹ ሁለት ነገር በአንድነት መወሰን ነበረባቸው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ሰፊው የቦሌ ሜዳ ላይ አዲስ ማረፊያ መሥራትና በሳሳ አየር ጉልበቱን የማያጣ አውሮፕላን መምረጥ። ምርጫቸው ቦይንግ 720ቢ ሆነ፤ ከታላቅ ወንድሙ ከ707 ቀለል ያለ፣ ሞተሩም አዲስ ዓይነት በመሆኑ በደጋ ላይ የተሻለ ኃይል የሚሰጥ ነበርና። በ1955 ዓ.ም. ጥር ወር የመጀመሪያው የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀንም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። አንዲት ባሕር የሌላት የደጋ ከተማ ለመላው ክፍለ ዓለም መሰብሰቢያ ለመሆን የበቃችው የዲፕሎማሲ ክብር ስላላት ብቻ አይደለም፤ በተራራዋ ላይ ጄት የሚያርፍበትን ጥበብ በጊዜው ስላዘጋጀች ጭምር ነው።

ከሜዳውና ከማሽኑ ይልቅ የጸናው ግን የሰው ሙያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአሜሪካውያኑ ጋር ሲዋዋሉ ዓላማው አየር መንገዱ ከጊዜ በኋላ በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲገባ ነበር፤ ይህም እንደ ታሰበው ተፈጸመ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኞች አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ፤ በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት የቴክኒሻኖችና የአብራሪዎች ትምህርት ቤቶች ተደራጁ፤ ከዚያ በኋላም ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው አስተዳደሩን ተረከቡ። በቢሾፍቱም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያደራጁት የአየር ኃይል ትምህርት ቤት በዚያው ጎዳና ላይ የራሱን አብራሪዎችና መካኒኮች ያወጣ ነበር። መንግሥት ቢለወጥ፣ ርእዮተ ዓለም ቢቀያየር፣ በሃንጋሩ ውስጥ ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው ሰው ከመምህሩ የተቀበለውን ለደቀ መዝሙሩ እያስተላለፈ ስለ ቀጠለ፣ ከአብዮቱም ከጦርነቱም በኋላ አየር መንገዱ ሳይፈርስ ቆየ። ዛሬ የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል።

ያ ሙያ ምን ያህል እንደ ደረሰ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። አንደኛው ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ውስጥ ሳያርፍ በመብረር ለባለ ሁለት ሞተር ጄቶች የርቀት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በረራው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ዛሬም ቢሆን ከዋሽንግተን የሚመጣው አውሮፕላን በቀጥታ ሲመጣ፣ ከቦሌ የሚሄደው ግን በሳሳው አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለማይሆንለት በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል። ሁለተኛው ምሳሌ ከታኅሣሥ 1979 ዓ.ም. ጀምሮ አየር መንገዱ ከአሜሪካ ፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ በአዲስ አበባ የሠራቸው «እሸት» የተባሉ የእርሻ አውሮፕላኖች ናቸው። አገሪቱ ከፀሐይ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይታ እንደገና አውሮፕላን ሠራች፤ ይኸኛው ክንፍ ደግሞ ለጦር ሳይሆን በአዝመራ ላይ ጸረ ተባይ መድኃኒት እየረጨ የገበሬውን ጎተራ ለመሙላት የተሠራ ነበር።

የአየር ጉዞ መጪ ዘመን የሚወሰነው በሞተርና በክንፍ ብቻ ስላልሆነ፣ ከጎተራ ወደ ሰሜን ዐይናችንን አቅንተን ካዛንቺስን ማሰብ ይገባናል። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በዚያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ከደከመባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ አንድ አፍሪካዊ ወደ ጎረቤቱ አገር ለመሄድ በአውሮፓ በኩል ይዞር የነበረበትን አሠራር መለወጥ ነው። ከዚህም ድካም በ1992 ዓ.ም. የያሙሱክሮ ውሳኔ ተገኘ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ የአፍሪካን የአየር ገበያ አንድ የሚያደርገውን ስምምነት አስጀመሩ። ሰማዩ በሕግ ካልተከፈተ በቀር ምርጡ ማሽንም ከድንበር ላይ ይቆማልና፣ ይህም ከምርምር ሥራ የማይተናነስ ነው።

አሁን ደግሞ የደብረ ዘይት መንገድ እንደገና ወደ ደቡብ ይጠራናል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በሚባለው ስፍራ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅም 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ታላቅ ማረፊያ ሥራው ተጀምሯል። የቦሌ መጣበብ ለዚህ ምክንያት ቢሆንም፣ ሌላው ምክንያት ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው፤ ስፍራው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አየሩ ይወፍራል፣ አውሮፕላኑም የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ ይነሣል። ከገፈርሳ ወደ ልደታ፣ ከልደታ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ አቡሴራ የተደረገውና የሚደረገው ፍልሰት የደጋውን ሰማይ ለመረዳት የተደረገ አንድ ረጅም ጥናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህን ጥናት በመጽሐፍ ማስፈር፣ በዩኒቨርሲቲ ማስተማርና ወደፊት ማራመድ የመንግሥት ፈንታ ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድማ ኢትዮጵያ የተረከበችው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በካርቦን ክር የተሠራ ነው፤ ያም ጥበብ እንደ ዲሲ 3 ክንፍ ሁሉ ሌሎች መንግሥታት ለዐሥርተ ዓመታት ገንዘብ ያፈሰሱበት የምርምር ፍሬ ነው። ነገ በኤሌክትሪክ የሚበሩት አውሮፕላኖች ሲመጡ፣ በሳሳ አየር ላይ እንዴት እንደሚነሡ፣ በእንጦጦና በየረር ተራሮች መካከል የሚሽከረከረው ነፋስ እንዴት እንደሚይዛቸው፣ በየአውራጃው ያሉት አጫጭር ሜዳዎች ምን ዓይነት ክንፍ እንደሚሹ ከእኛ ይልቅ ለማወቅ የሚጓጓ ባዕድ ሊቅ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የነፋስ ዋሻ፣ የአየር ጠባይ መዝገብና የመመራመሪያ ጊዜ ያለው መሐንዲስ ከአንድ ትልቅ ጄት ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ ይገኛል። ኢትዮጵያ ከሰባ ዘመን በላይ በሌሎች ምርምር ላይ ተሳፍራ በክብር ተጉዛለች፤ ከእንግዲህ ለሚመጣው ትውልድ የሚገባው በደጋው ሰማይ ላይ የተገኘውን የራሷን ዕውቀት ለሌሎች የደጋ አገሮች ጭምር የምታበረክት ኢትዮጵያን መውረስ ነው፤ ይህም የሚሆነው ዛሬ ለሃንጋሩ የሚሰጠው ትኩረት ያህል ለቤተ ሙከራው ሲሰጥ ብቻ ነው።